የጋለው ብረት

የጎባ ማለዳ እጅ ያደነዝዛል። ይህን የልደት እትም ስናሰናዳ ምድጃ ዳር አብረውኝ የተቀመጡ አንድ መሪጌታ፣ ከፍሙ ውስጥ የቀላ መቆስቆሻ መዘው «በል እሳቱን ከብረቱ ለይልኝ» አሉኝ። ዝም አልኩ። ምሳሌው ከጥንት አባቶች የወረደ ነው፦ ብረቱ ብረትነቱን አልለቀቀም፣ እሳቱም እሳትነቱን፤ የሚያቃጥለው ግን አንድ ነው። በክርስቶስም መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት አንድ ሆኑ፤ ተዋሕዶ ማለት ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳው ክርክር ግን ሁልጊዜ በምድጃ ዳር ጨዋታ አላለቀም። ተዋሕዶ፣ ቅባትና ጸጋ በሚባሉ ሦስት ትምህርቶች ተከፍለው የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለዘመናት ተሟገቱ። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ፣ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት በተካሄደ ጉባኤ ተዋሕዶ ጸና፤ እምቢ ያሉትን ቅጣት አገኛቸው። (ይህችን ክፍል መዝለል እንወዳለን፤ እዚህ አልዘለልናትም።) በ1880ዎቹ የምኒልክ ጦር ባሌን ሲይዝ፣ ጎባ ከሰፈሩት የሸዋ ሰዎች ጋር የመጣው ይኸው ትምህርት ነው።

ትምህርቱን ግን ሁሉም አይቀበለውም፤ ሮቤ ያለው ጎረቤቴ ሙስሊም ነው፤ ለእሱ ዒሳ (ኢየሱስ) ነቢይ ነው። ቡና ላይ አንስተነው እናውቃለን። ተስማምተን አናውቅም፤ በረካውን ሳንጠጣ ተነስተንም አናውቅም።

በዚህ እትም ካለው የቦሩ ሜዳ ጽሑፍ ጀምሩ። የማትስማሙበት ካለ ጻፉልን።