ማሳሰቢያ፦ ጀማን ለሚሻገር ሞተር ገዢ

በመርሐቤቴና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለምትኖሩ፣ ለሥራ መመላለሻም ሆነ ለረጅም መንገድ ትንሽ ሞተር ሳይክል ለመግዛት ላሰባችሁ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች፣ ነጋዴዎችና ወጣቶች በሙሉ፦

ከዓለም ከተማ አዲስ አበባ ዘልቆ ሞተር የሚገዛ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዳገት ይወጣል ወይ?» ብሎ ነው። ሻጩ ምን ገዶት፤ «ይበራል!» ይላል። አልዋሸም። ከ100 ሲሲ በላይ የሆነ ጤነኛ ሞተር ሁሉ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ የጀማን ዳገት ይወጣዋል። ቢያቅተውም ቀጥ ይላል፣ ወርዳችሁ ትገፉታላችሁ፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ቁልቁለቱ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። መጠየቅ የነበረበት «ሰው አፈናጥጦ፣ ጭነት ይዞ፣ ጀማ ድልድይ እስኪደርስ ፍሬኑ ይይዛል ወይ?» የሚለው ነበር። ይህን የሚጠይቅ ገዢ እምብዛም አይገኝም፤ ማሳሰቢያው የተጻፈውም ለዚሁ ነው።

አገሩን ታውቁታላችሁ፤ ቁጥሩን ግን አንድ ጊዜ እንየው። ዓለም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጀማ ሸለቆ ግርጌ ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ማዶ ያለችው ለሚ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ሰው እንግዲህ ሸለቆውን ሁለት ጊዜ ይወርደዋል፣ ሁለት ጊዜ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ ቁልቁለት አንድ ሺህ ሜትር ያህል ነው። 120 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ሁለት ሰውና አንድ ሻንጣ ሲጨመርበት 270 ኪሎ ይሞላል። ይህ ክብደት አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ 8 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ነፋሱና የጎማው ፍትጊያ የተወሰነውን ይወስዱታል። የተረፈውን የሚሸከመው ወይ ኢንጅኑ ነው፣ ወይ መዳፍ የማትሞላ የፍሬን ሸራ።

በገጠር በብዛት የሚታዩት ዋጋቸው ቀለል ያሉ ሞተሮች፣ ቦክሰርን የመሳሰሉት፣ አብዛኞቹ ከፊትም ከኋላም ታምቡር ፍሬን ያላቸው ናቸው፤ ሸራው በጎማው እምብርት ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል። ጭቃና አቧራ አይገባበትም፣ የትም ጋራዥ ይቀየራል፣ መለዋወጫው ርካሽ ነው። ጥፋቱም ከዚያው ከመዘጋቱ ይመጣል። ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ሸራው ሲግል መያዙ ይቀንሳል፣ ብረቱም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል። ነጂው የሚያውቀው የፍሬን እጀታው ወደ መሪው እየተጠጋ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ አጥብቆ መጨበጥ ሸራውን ይበልጥ ያግለዋል። ገና ትንሽ ሲለሰልስ ዳር ይዞ መቆም፣ ሩብ ሰዓት ማሳረፍ፣ በጋለው ብረት ላይም ውኃ አለማፍሰስ ነው የሚበጀው።

ዲስክ ፍሬን ሙቀቱን ለነፋስ ስለሚሰጥ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይሻላል። አቅማችሁ ከፈቀደ ቢያንስ የፊተኛው ዲስክ የሆነውን ምረጡ፤ የዋጋው ልዩነት ከከበዳችሁ ከጌጡ ላይ ቀንሱ። ዲስኩም ጣጣ አለው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሳይቀየር ዓመታት የቆየ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ፈልቶ እጀታው ባዶ ይሆናል። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር።

አንድ ክፉ ልማድ ደግሞ አለ። ቤንዚን ለመቆጠብ ተብሎ ቁልቁለቱን በፎሊ፣ አንዳንዴም ኢንጅን አጥፍቶ መውረድ። በፎሊ የሚወርድ ሞተር ክብደቱን በሙሉ በሸራው ላይ ይጥላል፤ ጠመዝማዛው ላይ ማርሽ ልመልስ ሲሉት ፍጥነቱ አልፎ ሄዷል። የሚቆጠበው ነዳጅ ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አይዘልም። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱት። ባለ አራት ምት ኢንጅን በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ሳይሰጡት ሲቀር ራሱ ይይዛል፤ ፍሬኑ የሚፈለገው ኩርባው ላይ ብቻ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሰው አፈናጥጣችሁ አንድ ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ውረዱ። ሱሉልታ መንገድ ላይ የሚበቃ ቁልቁለት አለ። ሻጩ «ሜዳ ላይ ሞክረው ይበቃል» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

በዚህ ነጥብ ላይ ከሁሉ አብልጬ የምጠራጠረው የሐራጅ ሞተርን ነው። የእርዳታ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት የተጠቀሙባቸውን ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ሲያወጡ ሕዝቡ ይሻማል። ለምን እንደሚሻማ ይገባኛል፤ አካላቸው ጠንካራ ነው፣ ከመሬት ከፍ ይላሉ፣ ድንጋይ አይፈሩም፣ የፊት ፓራፋንጎ ላይም ጭቃ አይጣበቅባቸውም። ነገር ግን ሁለቱም ባለ ሁለት ምት ናቸው። ባለ ሁለት ምት ኢንጅን ቁልቁለት ላይ የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው፤ የሚያለሰልሰው ዘይት ወደ ውስጥ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ነው፣ የዘይት ፓምፑም ከነዳጅ መስጫው ጋር ታስሯል። ነዳጅ ሳትሰጡ ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ስትወርዱ ፒስተኑ በፍጥነት እየዞረ ዘይት ይጠማዋል። ፒስተኑ ነከሰ ማለት የኋላ ጎማው ድንገት ተቆለፈ ማለት ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያሻም። በእጃችሁ ያለው እንዲህ ያለ ሞተር ከሆነ ስትወርዱ በየጥቂቱ ነዳጅ ስጡት፣ በየመሐሉ ፍሪሲዮን ይዛችሁ አሳርፉት። ገና የምትገዙ ከሆነ ግን ዋጋው ቢያጓጓም ተዉት። በሐራጅ የወጣ ሞተር ቀረጥ ያልተከፈለበት ሆኖ ስም ማዛወሩ ወራት የሚፈጅበት አጋጣሚም አለ።

ስለ ጉልበት ጥቂት። አየሩ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ይሳሳል፤ የሳሳ አየር የሚተነፍስ ኢንጅን ጉልበቱ ይቀንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 150 ሲሲ ሞተር ዓለም ከተማ ላይ ወደ 9 ተኩል ይጠጋል፤ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው መሐል ሜዳ ደግሞ ከ9 በታች ይሆናል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የዚህ አገር ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ባለ 100 ሲሲ ለከተማ ውስጥና ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ሰው አፈናጥጦ ጀማን ለሚሻገር ከ125 እስከ 150 ያለው ይሻላል። ከዚያ የሚያልፈው ክብደቱና ዋጋው እንጂ ጥቅሙ ብዙ አይጨምርም ባይ ነኝ። ጉልበት ካነሳችሁ የኋላውን ጥርስ ሁለትና ሦስት ቁጥር የሚበልጥ አስገቡበት፤ የሜዳ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ዳገቱም ይቀላል፣ ኢንጅኑም ቁልቁለት ላይ ይበልጥ ይይዛል። በአንድ ለውጥ ሁለቱንም ጥቅም ማግኘት ከቻላችሁ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?

ካርቡራተር ያለው ሞተር በከፍታ ላይ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ፈትታችሁ ጥላሸት ከለበሰ፣ ማርሚታውም ጥቁር ካጨሰ፣ መካኒኩ የነዳጅ ማሳለፊያዋን ጠባብ በሆነች ይቀይርላችሁ። በኢንጄክሽን የሚሠራው ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ የሚፈራው ግን ቆሻሻ ቤንዚን ነው። ማደያ ጠፍቶ በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጠውን ለሚቀዳ ሰው ካርቡራተር ይሻለዋል፤ የተደፈነ ካርቡራተርን የትም ያለ መካኒክ ፈትቶ ያጥበዋል።

እንደ አፓቼ ያሉት የወጣቱን ዓይን የሚስቡ ሞተሮች ለአስፋልት የተሠሩ ናቸው። ፍሬናቸው ጥሩ ነው፤ ይህን አልክድም። መቀመጫቸው ግን ወደ ፊት ያጋድላል፤ በቁልቁለት የነጂው ክብደት በእጁ ላይ ያርፋል፣ የተፈናጠጠው ሰውም ጀርባው ላይ ይጫነዋል። ጎማቸው ለስላሳ ነው። በክረምት የጅሩና የእንሳሮ ዋልካ በጎማውና በዝቅተኛው ፓራፋንጎ መሐል ገብቶ ሲደርቅ የፊት ጎማ መዞር ያቆማል።

የኤሌክትሪክ ሞተርን ለምታስቡ፦ ሱቅ ውስጥ የሚነገራችሁ ኪሎ ሜትር በሜዳ የተለካ ነው። የጀማ ዳገት ባትሪውን እንዴት እንደሚበላው ሳታዩ አትግዙ።

ጭነትን በተመለከተ፣ አምራቾች ለእነዚህ ሞተሮች የሚፈቅዱት ሰውና ዕቃ ተደምሮ በአብዛኛው ከ150 ኪሎ አይበልጥም። ሁለት ሰው ይህን ይሞላዋል። ሦስተኛ ሰው መጫን፣ በሁለት ሰው ላይ ኩንታል ጤፍ መደረብ፣ ከላይ የተነገረውን የፍሬን ሒሳብ ሁሉ ያፈርሰዋል። ከለሚ በኩል ያለው መንገድም እንደ ድሮው አይደለም፤ በእንሳሮ ወረዳ የተተከለው፣ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም አለው የተባለው የለሚ የሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከለሚ እስከ ሙከጡሪ ከከባድ መኪና ጋር መንገድ መጋራት ግድ ነው። ከተሳቢ ጀርባ ተጠግቶ አቧራ ውስጥ መንዳት ከፊት የሚመጣውን እንዳታዩ ያደርጋል።

ልብሳችሁም ሰው ይገድላል። ጋቢ ለብሶ፣ ጫፉን ለነፋስ ለቆ የሚነዳ ሰው ጋቢው ካቴናው ውስጥ ሲገባ አንገቱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ወደ ጎን የምትቀመጥ እናት ቀሚሷና ነጠላዋ የኋላ ጎማ ሽቦ ውስጥ ይጠቀለላል። ሰው የምታፈናጥጡ ከሆነ የካቴና መሸፈኛ ያለውን ሞተር ግዙ፤ አንዳንዱ ነጂ ለማማር ሲል የሚፈታው ይህንኑ ነው። ወደ መሐል ሜዳና ጓሳ ማለዳ የምትነዱ ደግሞ ጓንት አይለያችሁ። የመንዝ ባናና በርኖስ ትከሻን ያሞቃል፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት ግን የፍሬን እጀታ ላይ ስንት ኃይል እንዳሳረፈ አያውቅም።

ሄልሜት። የተለያዩ አገሮችን ጥናት አሰባስቦ የመረመረ ሰፊ ሥራ በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። የግንባታ ሠራተኛ ባርኔጣ ግን ሄልሜት አይባልም፤ ያልታሰረም እንደዚሁ። የተፈናጠጠውም የራሱ ይኑረው። እናት ሆስፒታል ያለው ዓለም ከተማ ላይ ነው፤ ጀማ ግርጌ የወደቀ ሰው ወደዚያ የሚደርሰው ያንኑ አንድ ሺህ ሜትር ዳገት ተሸክመውት ነው።

ወረቀቱን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ። የሻንሲና የኢንጅን ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፤ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ የሚመስል ካለ ተዉት። «ሊብሬው በኋላ ይመጣል» የሚል ሻጭ አይመጣለትም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ነገር ግን የሚሸፍነው የገጫችሁትን ሰው ነው፣ ነጂውን ራሱን አይሸፍንም። ለራሳችሁ የተለየ መድን ካልገባችሁ የራሳችሁ እግር በራሳችሁ ኪስ ነው የሚታከመው።

በመጨረሻ ስለ መድረሻው። በከተማው በሞተር ይፈጸም በነበረው ዝርፊያ ምክንያት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ በሞተር መንቀሳቀስን አግዷል። ከዓለም ከተማ ተነስቶ በሞተሩ መርካቶ ገብቼ ዕቃ አመጣለሁ ብሎ የሚገዛ ነጋዴ ይህን ሳያውቅ ይገዛል፤ ሞተሩንም በር ላይ ያስረክባል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በጸጥታው ሁኔታ የተነሳ በተለያዩ ከተሞች የሞተርና የባጃጅ እንቅስቃሴ የታገደበት፣ በሰዓትም የተገደበበት ጊዜ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ቀን ከሚመለከተው የወረዳ መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ በሌሊት አትንዱ። አዲስ አበባ ጉዳይ ካላችሁ ጫንጮ ወይም ሱሉልታ ከምታውቁት ሰው ግቢ አቁማችሁ በሚኒባስ ግቡ። ቁልፉንም ሊብሬውንም ሞተሩ ላይ አትተዉ።