«ጠብቁን» ላለ ሰው «ጠብቁ» የሚል መልስ

የተፈናቃዮች መጠለያ አካባቢ የዋለ ሰው አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳይሰማ አይመለስም፤ «ፕሮቴክሽን»። የፕሮቴክሽን ባለሙያ፣ የፕሮቴክሽን ስብሰባ፣ የፕሮቴክሽን ሪፖርት። ተፈናቃዩ ገበሬ ግን ይህን ሁሉ ሰምቶም ጥያቄው አንድ ነው፦ ቤቴ ብመለስ ማን አለልኝ?

ቃሏ ከላቲን የመጣች ናት። «ፕሮ» ፊት ነው፤ «ቴጌሬ» መሸፈን፣ መክደን። የቤት ጣሪያ የሚባልበት የላቲን ቃልም ከዚሁ ይወለዳል። ስለዚህ ፕሮቴክሽን ማለት ከፊት ቆሞ መሸፈን ነው፤ ዱላው ከማረፉ በፊት። ካረፈ በኋላ የሚመጣው ሌላ ስም አለው፤ እርዳታ ይባላል።

የዚህች ቃል ዘመድ በእኛም ታሪክ አለች። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መጻጻፍ እንደሚችሉ ሲናገር፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ሮምም በዚያ ተነስታ ኢትዮጵያ «ፕሮቴክቶሬት» ሆነችልኝ ብላ ለአውሮፓ አሳወቀች። «ልጠብቅሽ» ማለት «ልግዛሽ» እንደሚሆን አያቶቻችን ገባቸው፤ መልሳቸውን አድዋ ላይ ሰጡ።

ከውጭ የመጣውን «ጠባቂ» እንዲያ የመለሰች አገር የራሷን ሰው ከራሷ ታጣቂ መሸፈን ለምን አቃታት?

በኩጂን እናስታውስ። ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በመተከል ጥቃት ተደጋግሞ ነበር። ኅዳር ላይ በአውቶቡስ ይጓዙ የነበሩ ከ30 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ታህሳስ 13 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው መተከል ሄደው ነዋሪውን አነጋገሩ። በማግስቱ፣ ረቡዕ ታህሳስ 14፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ጭፍጨፋ ተፈጸመ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውንና በጥቃቱ ወቅት በሥፍራው የጸጥታ ኃይል እንዳልነበረ አስታወቀ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ቡለን ከተማ ተሰደደ።

ሕግ ጠፍቶ ነው? አይደለም። ከዚያ ቀን 10 ወር ያህል ቀደም ብሎ ፓርላማው የካምፓላን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቆ ነበር። ስምምነቱ «ጥበቃ» የሚለውን ቃል ከርእሱ ላይ አስቀምጧል፤ መንግሥት ሰው ከመፈናቀሉ በፊት እንዲከላከልም ያስገድዳል።

በአማርኛችን «ጠበቀ» ሁለት ፍች አለው፤ ዘብ ቆመ፣ ደግሞም ቆይቶ ተጠባበቀ። የመተከል ሰው «ጠብቁን» ሲል የመጀመሪያውን ፈልጎ ነው። የደረሰው ሁለተኛው ነው፦ ጠብቁ።

«በየበሩ ወታደር ይቁም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ማንም እንዲህ አላለም። ነገር ግን አደጋው ከወራት በፊት የታወቀበት ቦታ ላይ ዘብ አለመኖር የአቅም ማነስ ብቻ ተብሎ አይታለፍም።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ለፕሮቴክሽን የሚቀርበው ቃላችን «ከለላ» ነው። «ጥላ ከለላ ሁነኝ» እንላለን። «ክልል»ም ከዚሁ ከ«ከለለ» የወጣ ነው። እኛ ግን ከቃሉ አጥሩን ወስደን ጥላውን ተውነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሎ ሌላውን ነዋሪ ለይቶ ያስቀምጣል። ባለቤትና እንግዳ በተባለበት ቤት ጣሪያው ለማን እንደሚከደን መገመት አይከብድም።

ባለቤት የተባለውም አልዳነም። በኩጂ ላይ ሺናሻውም ከአማራውና ከኦሮሞው ጋር ሞቷል። በ2011 ዓ.ም. ጃዊ ውስጥ ያለቁት ጉሙዞችም ድንበር ተሻግረው ከለላ አጥተዋል። አጥር ማንንም አላዳነም።

ስለዚህ ከእንግዲህ «ጥበቃ ተደርጓል» የሚል መግለጫ ስንሰማ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ከጥቃቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ዘቡ የቆመው ከማን ፊት ነው? ጥሎ ከሄደስ ማን ይጠየቃል? መልስ ከሌለ የሰማነው ጥበቃ ሳይሆን «ጠብቁ» ነው።