ወደ ሰውነት የገባ መሣሪያ አደራ ነው

ሰው እጁንና እግሩን ማንቀሳቀስ የሚሳነው ሁልጊዜ ጡንቻው ስለሞተ አይደለም። ስትሮክ ወይም የኅብለ ሰረሰር ጉዳት በደረሰበት ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚቋረጠው ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝ ነው፤ ከጉዳቱ በታች ያሉት ነርቭና ጡንቻ ግን በሕይወት ይቆያሉ። በነርቩ ላይ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ቢለቀቅ ጡንቻው ይኮማተራል። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ በ18ኛው መቶ ዘመን በእንቁራሪት እግር ላይ የተመለከተው ይህንኑ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ሊበርሰንና ባልደረቦቹ ይህን እውቀት ለሕሙማን አዋሉት። በስትሮክ ምክንያት እግሩን እየጎተተ ለሚራመድ ሰው በጫማው ተረከዝ ሥር ማብሪያ አኖሩ። ተረከዙ ከመሬት ሲነሣ ከጉልበት በታች በሚያልፈው ነርቭ ላይ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ የእግሩ ፊትም ቀና ይላል።

ይሁን እንጂ ነርቭ አንድ ሽቦ አይደለም። በውስጡ በየነዶው የታሰሩ እጅግ ብዙ ክሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ነዶም የየራሱ መድረሻ አለው። ከጉልበት በታች ያለው ነርቭ ራሱ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ አንዱ እግርን ወደ ላይና ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ሌላው ወደ ውጭ ይገለብጣል። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ እርምጃው ይዛነፋል። በዚያ ላይ ከውጭ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ወፋፍራሞቹን ክሮች በቅድሚያ ስለሚቀሰቅስ ጡንቻው ቶሎ ይደክማል። ተመራማሪዎች በነርቩ ዙሪያ እንደ አምባር የሚጠለቁ፣ ብዙ የመነካኪያ ነጥብ ያላቸው ኤሌክትሮዶችን የሠሩት፣ የሚፈለገውን ነዶ ብቻ ለይቶ ለማዘዝ ነው። ጥበቡ በእርግጥ ድንቅ ነው።

ነገር ግን ከጥበቡ ያልተናነሰ ሌላ ጥያቄ አለ፦ መሣሪያው ከተቀበረ በኋላ ኃላፊነቱ የማን ነው?

የ«ፍሪሃንድ» ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ነው። በአሜሪካ ክሊቭላንድ የተፈለሰፈው ይህ መሣሪያ እጃቸው ለማይታዘዝ የአንገት ኅብለ ሰረሰር ጉዳተኞች የታሰበ ነበር። በደረት ቆዳ ሥር ከሚቀበር መሣሪያ የሚነሡ 8 ኤሌክትሮዶች ወደ ክንድና ወደ እጅ ጡንቻዎች ይዘረጋሉ፤ ተጠቃሚው የሌላውን ወገን ትከሻውን በማንቀሳቀስ ጣቶቹን ይዘጋል፣ ይከፍታል። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አገኘ። ከ200 በላይ ሰዎችም ተተከለላቸው፤ ሹካ የመያዝና የመጻፍ ችሎታ ተመለሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን አምራቹ ኩባንያ ከገበያው ወጣ። የወጣው መሣሪያው ስላልሠራ አልነበረም፤ ገበያው ጠባብ ስለነበር ነው።

ኩባንያ ሱቁን ዘግቶ ሊሄድ ይችላል፤ ሕመምተኛው ግን ከገዛ ክንዱ ሊሰደድ አይችልም። በስልክና በክንድ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ስልክ ሲበላሽ ይለወጣል፤ በሥጋ ውስጥ የተቀበረ ኤሌክትሮድ ግን ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም። መለዋወጫው ሲቋረጥ ሰውየው እጁን ሁለተኛ ጊዜ ያጣል።

እንዲህ ያለ ግዴታ ፈጠራን ያቀጭጫል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ጥቂት ደንበኛ ላለው መሣሪያ ገንዘቡን የሚያፈስ ባለሀብት በቀላሉ አይገኝም። መልሱ ግን ሸክሙን በሕመምተኛው ላይ መጣል ሊሆን አይገባም። በዚያው በክሊቭላንድ ዩኒቨርሲቲው ትርፍ የማይፈልግ ተቋም አቋቁሞ ተመሳሳይ መሣሪያዎችን ለሕሙማን ለማድረስ መነሣቱ፣ ገበያ የተወውን ትርፍ የማይፈልግ ተቋም ሊያነሣው እንደሚችል ያሳያል።

ስለዚህ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች «ይሠራልን?» ብለው ብቻ ማለፍ የለባቸውም፤ «እስከ መቼ ይጠገናል?» ማለትም ይገባቸዋል። የመሣሪያው ንድፍ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቀመጥ፤ የጥገና ወጪ አስቀድሞ ይያዝ። እነዚህን መሣሪያዎች ከውጭ የሚገዙ አገሮችና ሆስፒታሎችም ይህን በውላቸው ውስጥ ይጻፉት። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ከማስፈረሙ በፊት ኩባንያው ቢዘጋ ምን እንደሚሆን ይንገረው።

አደራ የሚመዘነው በተቀበሉት ቀን ሳይሆን በመለሱት ቀን ነው። ለሽባ እጅ እንቅስቃሴ የሰጠ ሁሉ፣ እጁ እስካለ ድረስ ተጠያቂ ነው።