ለሳሙናው አጨበጨብን፣ መድኃኒቱስ?

«የኔ ልጅ፣ ያ ያገራችን ልጅ አሜሪካ ሆኖ የሠራው የካንሰር ሳሙና መጥቷል እንዴ?»

ይህን የጠየቁት ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ናቸው። ይህ ጸሐፊ የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ ከኋላቸው ተሰልፎ ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ፈገግ ሊል ቃጣውና ሴትየዋ የምራቸውን መሆኑ ሲገባው ፊቱን ሰብሰብ አደረገ። «እማማ፣ እሱ ገና ነው፤ ለገበያ አልወጣም» አላቸው። «በቴሌቪዥን ታየ እኮ!» አሉ። የፈለጉት ለልጅ ልጃቸው ነው። ልጁ አልቢኖ ነው። ጆሮው ጫፍ ላይ የወጣች ቁስል ትደርቃለች፣ ትላጣለች፣ ትደማለች፤ መዳን ግን እምቢ ብላለች። ከኋላ የቆመ አንድ ጎረምሳ «ኦንላይን ይሸጣል አሉ» ብሎ ጣልቃ ገባ። ማነው ያለው? «አሉ» ነው። በዚች አገር «አሉ» የማይሸጠው ነገር የለም።

እማማን ማን ዋሻቸው? እኛው ነን፣ ጋዜጠኞቹና አጨብጫቢዎቹ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄመን በቀለ አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ስሪኤም የተባለው ኩባንያ በሚያዘጋጀው የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ወጥቶ 25,000 ዶላር ተሸለመ። በ2024 ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ ብሎ መረጠው። ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። አሳቡ የመጣለት በልጅነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ፀሐይ ላይ የሚሠሩ ሰዎችን ካየ በኋላ መሆኑን ተናግሯል። በእንዲህ ያለ ልጅ ማን አይኮራም? እኛ ግን ኩራቱ አልበቃንም፤ «ኢትዮጵያዊው ታዳጊ የካንሰር መድኃኒት አገኘ» ብለን አወጅን። መድኃኒቱማ ልጁ ሳይወለድም ነበረ!

ስሙ ኢሚኪሞድ ይባላል። ቅባት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1997 ለብልት ኪንታሮት፣ በ2004 ደግሞ ቤዛል ሴል ከሚባለው የቆዳ ካንሰር ላይኛው ቆዳ ላይ ለሚቀረው ዓይነት ፈቅዶታል። የሚገርመው መድኃኒቱን ያበጀው ያው ውድድሩን የሚያዘጋጀው ስሪኤም መሆኑ ነው። ቅባቱ ካንሰሩን እንደ መርዝ አይገድለውም። ቆዳው ውስጥ ያንቀላፉትን የሰውነት ዘቦች ይቀሰቅስና እነሱ እንዲዋጉ ያደርጋል። ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይቀረፋል። በሽተኛው «አባሰብኝ» ብሎ ሊጥለው ይቃጣዋል፤ ግን ውጊያው መጀመሩ ነው። ለቤዛል ሴል ካንሰር ማታ ይቀቡታል፣ ስምንት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይታጠባል። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት።

የልጁ ብልሃት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሳሙና ታጥበው የሚያፈሱት ነገር ነው። ስምንት ሰዓት መቆየት ያለበት መድኃኒት ከአረፋው ጋር ቱቦ ውስጥ ከገባ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ መድኃኒቱን ከስብ በተሠሩ፣ በዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች ውስጥ ቢከቱት፣ አረፋው ሲታጠብ እነሱ ቆዳው ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ አለ። መድኃኒት አገኘሁ አይደለም ያለው፤ መድኃኒቱን ከቦታው ላድርሰው ነው ያለው። በ2024 ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከሚሠራ ተመራማሪ ጋር ሆኖ ገና በአይጦች ላይ ነበር የሚሞክረው። ከአይጥ እስከ እማማ የልጅ ልጅ ጆሮ ድረስ ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው።

ከቦታው ማድረስ የሚባለውን ነገር ግን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ሰውነት ራሱ ካንሰርን እንዲዋጋ የሚያደርጉት ዘመነኞቹ መድኃኒቶች፣ እነ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ኖቤል የተሸለሙበት ዘዴ ማለት ነው፣ በአብዛኛው በደም ሥር ነው የሚሰጡት። መላ ሰውነት ይዞራሉ። የሰውነት መከላከያ ልጓሙ አንዴ ከተፈታ ካንሰሩን ብቻ አይደለም የሚነክሰው፤ አንጀትንም፣ ሳንባንም፣ ጉበትንም ሊያቆስል ይችላል። ዋጋው ደግሞ አይነሣ! ኬይትሩዳ የሚባለው አሜሪካ ውስጥ በሦስት ሳምንት አንዴ ሲሰጥ የአንዱ ጊዜ ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ነው።

መድኃኒትን ከቦታው ማድረስ እንደሚያዋጣ ምስክሩ ክንዳችን ላይ አለ። ቢሲጂ ይባላል፤ ለሳንባ ነቀርሳ የተከተብነውና ጠባሳ የተወልን። ለሰው መሰጠት የጀመረው በ1921 ነው። ካናዳ የሚሠሩ አልቫሮ ሞራሌስ የተባሉ ሐኪም ይህንኑ በቀጭን ቱቦ የሽንት ፊኛ ውስጥ እየጨመሩ የፊኛ ካንሰር ባለባቸው ዘጠኝ በሽተኞች ላይ ያዩትን ውጤት በ1976 አሳተሙ። በሽተኛው እስከ ሁለት ሰዓት ይዞት ቆይቶ ይሸናዋል። በሳምንት አንዴ፣ መጀመሪያ ለስድስት ሳምንት። አሜሪካ በ1990 ፈቀደችው። ጡንቻ ውስጥ ላልገባ አደገኛ የፊኛ ካንሰር ዛሬም ከፊት የሚሰለፈው እሱ ነው።

ታዲያ ይህ ርካሽና የተፈተነ መድኃኒት ምን ገጠመው? ጠፋ! የሳኖፊ ኩባንያ የቶሮንቶ ፋብሪካ በ2012 ሥራ አቋረጠ፤ መልሶ ቢጀምርም በ2017 ጨርሶ ተወው። የአሜሪካ በሽተኛ በመርክ ኩባንያ እጅ ብቻ ወደቀ። በሀብታሟ አሜሪካ ሐኪሞች የአንዱን ሰው መጠን ለሁለትና ለሦስት እስከ ማካፈል ደረሱ። መርክ ምርቱን ጨምሬያለሁ፣ አዲስ ፋብሪካም እሠራለሁ ብሏል፤ ይሁንለት። ግን ኬይትሩዳን የሚሸጠውም ያው መርክ ነው። በ2024 ብቻ ከ29 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሸጠውን ኬይትሩዳን ማለቴ ነው። ኬይትሩዳ ከገበያ ጠፋ ሲባል ሰምታችኋል?

ርካሽ መድኃኒት አሳዳጊ የለውም። ለሳሙናው ከተዘመረው ሁሉ ከፍ ብሎ የተሰማው አንዱ በ50 የአሜሪካ ሣንቲም ይሠራል መባሉ ነበር። ይህን ጸሐፊ የሚያስፈራውም እሱው ነው። ልጁ ቢሳካለት፣ እግዜር ያሳካለት፣ ማን ነው ሃምሳ ሣንቲም ለማግኘት ፋብሪካ የሚተክለው?

ወደ ቤታችን እንመለስ። አሜሪካ በ2010 የኢሚኪሞድን ቅጂ ሌላ ኩባንያ እንዲሠራው ፈቅዳለች፤ መድኃኒቱ ዛሬ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። እኛም የቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚባል አለን። ቂሊንጦ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ወህኒ ቤቱ ቢሆንም፣ ፓርኩም አለ። ክቡራን ባለሥልጣናት ሆይ፣ በልጁ ስም መኩራት ወጪ የለውም። እስቲ ቅባቱን እዚሁ አሠሩልን። እስቲ ለአልቢኖ ልጆች የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንደ ክትባት በነፃ ይታደል። የቀን ሠራተኛውን ጥቁር ቆዳው በመጠኑ ይጋርደዋል። አልቢኖው ግን ጋራጅ የለውም፤ ፀሐይዋ በልጅነቱ ጀምራ ነው የምትበላው። በዚያ ላይ ኢሚኪሞድ ለሁሉም የቆዳ ካንሰር አይሆንም። ሥር ለሰደደው የሐኪም ቢላዋ ነው የሚያስፈልገው። ሳይታመም መከላከሉ የሚረክሰውም ለዚህ ነው።

እማማ በመጨረሻ የፀሐይ ቅባቱን ዋጋ ጠየቁ። ሲነገራቸው «ላንዷ?» አሉና ብልቃጧን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አይተው መለሷት። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ግን ጨዋ ነው። «እማማ፣ ሳሙናውን አይጠብቁ፤ ቁስሉ በጊዜ ተቆርጦ ከወጣ ይድናል፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይውሰዱት» አለና በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈላቸው። አለርት ሆስፒታል፣ ዘነበ ወርቅ፣ የቆዳ ክፍል። እማማ ወረቀቷን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት።