«በጀት ስለሌለ ነው» አትበሉን

የአነስተኛ በጀት ጭራቅ ፊልም ክፍል ሁለት፣ ክፍል አራት፣ ክፍል ሰባት ሲወጣና ተመልካች ሲያጉረመርም ሁለት ዓይነት ጠበቃ ይነሳል። አንደኛው «በዚያች ገንዘብ ምን እንዲሠሩ ፈለጋችሁ?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «አድናቂው እየገዛ አይደል እንዴ? እናንተን ምን አገባችሁ?» ባይ ነው። ሁለቱም አዛኝ ቅቤ አንጓች ናቸው። አንዱ ለሠሪው ያዘነ፣ ሌላው ለአድናቂው የተቆረቆረ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን የሚሉት «ለእናንተ ይህ ይበቃችኋል» ነው።

እዚህ ቻናል ላይ የለመዳችሁት የምክር ቤትና የምንዛሪ ወሬ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ስለ ትል ፊልም ነው የምጽፈው፤ የምትስቁ ሳቁ። «አቅም የለንም» የሚለው ቃል ስንፍናን እንዴት እንደሚሸፍን ማየት ለሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እንጨርሰው። ስፒልበርግ በ1975 «ጆውስ»ን ሲሠራ ሰው ሠራሹ ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ አስቸገረው። ስለዚህ አውሬውን ደብቆ፣ በሙዚቃና ውሃ ላይ በሚንሳፈፉ ቢጫ በርሜሎች አስፈራራን። በ1987 የወጣው አራተኛው ክፍል ከመጀመሪያው የበለጠ ገንዘብ ነበረው። ምን ሆነ? ሻርኩ ቂም የያዘ ይመስል አንድን ቤተሰብ ከአሜሪካ ጠረፍ እስከ ባሃማስ ተከተለ። ደግሞም ያገሳል። ዓሣ ነው፣ ያገሳል! ማይክል ኬን በዚህ ፊልም ቀረጻ ምክንያት የራሱን ኦስካር ለመቀበል እንኳ ሳይገኝ ቀረ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

በሌላኛው ጫፍ የ2023ቱ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» አለ። የቀደመ ታሪክ ቀጥታ ተከታይ ባይሆንም፣ ከ1954 ጀምሮ እየተጎተተ የመጣ ሰንሰለት አካል ነው። ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ እንደተናገረው ወጪው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው፤ በሆሊውድ ሚዛን የኪስ ገንዘብ። 35 የሚሆኑ የኢፌክት ባለሙያዎች ወደ 610 የሚጠጉ ትዕይንቶችን ሠርተው በ2024 የምርጥ ቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ወሰዱ። ሰው ያለቀሰው ግን ለኢፌክቱ አይደለም፤ ጦርነት ባዶ እጇን ያስቀራትን አገርና በሕይወት መትረፉን እንደ ወንጀል የሚቆጥርን አንድ አብራሪ አይቶ ነው። ስለዚህ የገንዘብ ማነስ ፊልም እንደማይገድል፣ መብዛቱም እንደማያድን እንስማማ።

የክርክሬ እምብርት «ትሬመርስ» ነው። የ1990ው ፊልም ታሪክ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ባለች፣ ፐርፌክሽን በምትባል ጭር ያለች መንደር ነው። ከመሬት ሥር የሚጓዙ፣ ዓይን የሌላቸው ግዙፍ ትሎች ሰው ይበላሉ። የሚመሩበት ሕግ አንድ ነው፦ ኮቴ ይሰማሉ። ስለዚህ አለት ላይ ውጣ፣ አፈር አትርገጥ፣ ዝም በል። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ብዙም አልቀናውም፤ ሰው የወደደው በኋላ በቪዲዮ ካሴት ነው።

በ1996 ክፍል ሁለት መጣ። ኬቨን ቤከን የለም። ሲኒማ ቤት የለም፤ በቀጥታ ካሴት። በጀቱ 4 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ፣ ከመጀመሪያው ግማሽ እንኳ አይሞላም። የሰበበኞቹ ሰበብ ሁሉ ተሟልቷል ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ኤስ ኤስ ዊልሰን፣ የመጀመሪያውን ከጻፉት አንዱ፣ ምን አደረገ? ፊልሙ መሐል ላይ ሲደርስ ከትሎቹ ሆድ በሁለት እግር የሚሮጡ ትናንሽ አውሬዎች አወጣ። እነዚህ ጭራሽ ደንቆሮ ናቸው። የሚያዩት ሙቀትን ነው፤ በበሉ ቁጥርም ይባዛሉ። በዚህች አንዲት ሐሳብ ጀግኖቹም እኛም ስድስት ዓመት ይዘነው የቆየነው ዕውቀት ገደል ገባ። ዝም ብሎ መቆም አያድንም፤ ሰው ሁሉ ሙቀት አለውና። ያልተገላበጠ ያራል፤ ሰውየው ገለበጠው። ይህ ስንት ያስወጣል? አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ።

ሌላ ልጨምር። በርት ገመር የሚባለው መሣሪያ አምላኪ ገጸ ባሕርይ (ማይክል ግሮስ ነው የሚጫወተው) በዚያው ፊልም በአንድ ግዙፍ ጠመንጃ አንዱን አውሬ ይመታል። ጥይቱ አውሬውን አልፎ፣ ግድግዳውን በስቶ፣ ሊያመልጡበት ያሰቡትን መኪና ሞተር ያፈርሳል። ሳቁም ድንጋጤውም የሚመጣው ሰውየውን ስለምናውቀው ነው። አድናቂ ከተከታይ ክፍል የሚጠብቀው ይህንን ነው፤ የማውቀውን ነገር እንደማውቀው ቆጥረህ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ውሰደኝ።

ሦስተኛው ክፍል (2001) ላይ አውሬዎቹ መብረር ጀመሩ፤ የኮምፒውተር ምስሉ ደካማ ነው፣ እዚህ ላይ ለጠበቆቹ እጄን እሰጣለሁ። አራተኛው (2004) ግን ወደ 1889 ይመለስና የበርትን ቅድመ አያት ያሳየናል፤ ያው ተዋናይ፣ ግን መሣሪያ መያዝ የማያውቅ ቅምጥል የከተማ ሰው። ይህን ቀልድ ለማጣጣም የቀደሙትን ማየት ያስፈልጋል። አድናቂውን እንደ ቤተኛ የሚቆጥር ቀልድ ነው። አውሬውም ብዙ አይታይም፤ አያስቆጭም።

አሁን ወደ «ሻርክኔዶ» እንምጣ፤ ሻርክ የሚያዘንብ አውሎ ነፋስ። ከ2013 እስከ 2018 ስድስት ፊልሞች። እዚህ የተገኘው ዘዴ ብልጠት ያለበት ነው፤ ሆን ብሎ መጥፎ መሥራት። የሚተች ሰው ሲመጣ «ቀልድ መሆኑ አልገባህም» ይባላል። ከሦስተኛው ክፍል በኋላማ ዋናዋ ሴት ትሙት ወይስ ትኑር ብለው ሕዝብ አስመረጡ፤ በአራተኛው ክፍል ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን ሆና ተመለሰች። አንደኛውን ከጓደኛ ጋር ሆኖ ማየት ያዝናናል፣ አልክድም። ስድስተኛው ላይ ግን ማን በማን ላይ ነው የሚስቀው? ድምፅ ማሰጠት ማክበር አይደለም፤ ታሪኩን የሚጽፈው ሰው ምን እንደሚፈልግ ስላላወቀ ሥራውን ለተመልካቹ አሸከመው። (እኛ ዘንድ እንዲህ ያሉ ፊልሞች በአማርኛ ተራኪ ታጅበው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ተራኪው ከጸሐፊው የተሻለ ታሪክ ይነግረናል።)

«እየገዛ አይደል?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ፊልም የሚከፈልበት ከመታየቱ በፊት ነው። የክፍል አምስት ሽያጭ የሚለካው የክፍል አምስትን ጥራት አይደለም፤ ክፍል አንድና ሁለት ያስቀመጡትን ፍቅር ነው። ስቱዲዮው ሌላ ሰው ካጠራቀመው ቁጠባ እያወጣ ይበላል፤ ከዚያ የሒሳብ ደብተሩን እያሳየን «ይኸው ረክታችኋል» ይለናል።

«ትሬመርስ» ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ዝም ተብሎ ቆይቶ በ2015 አምስተኛው ክፍል ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ፈጣሪዎች አልነበሩበትም። ታሪኩ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ አዲስ የተገኘው ነገር የአፍሪካው ትል ከአሜሪካው የባሰ መሆኑ ነው። አዲስ ሕግ የለም፤ መጠኑ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ጨመረ፣ በርት ገመርም እስከ ዛሬ ስሙ ተነስቶ የማያውቅ ወንድ ልጅ ተገኘለት። የ2018ቱ ስድስተኛ ክፍል በርዕሱ «ቀዝቃዛ ቀን» ይላል፣ ታሪኩም የካናዳ ዋልታ አካባቢ ነው ይባላል፤ የተቀረጸው ግን እዚያው ደቡብ አፍሪካ ነው። በርካሽ ቦታ መቅረጽ ነውር አይደለም። ዊልሰን 4 ሚሊዮን ዶላር ይዞ አውሬውን አደንቁሮ ሲያስፈራራን፣ እነዚህ በበረዶ ፈንታ ሰበብ ነው ያቀረቡልን።

ኬቨን ቤከን ራሱ ወደ ፐርፌክሽን የሚመለስበት የቴሌቪዥን ተከታታይ ሙከራ ተቀርጾ ነበር፤ በዚያው በ2018 ጣቢያው አልፈልግም አለ። በምትኩ በ2020 የደረሰን ታይላንድ ውስጥ የተቀረጸው ሰባተኛው ክፍል ነው። በርት ገመር እዚያ ላይ ይሞታል። ማይክል ግሮስ በሰባቱም ፊልሞች የተጫወተ ብቸኛው ሰው ነው፤ 30 ዓመት ያቺን ባርኔጣ ሳያወልቅ የቆየ። አድናቂው የሚያለቅስለት ሰው ነው፤ ብዙዎችም አልቅሰዋል። ያለቀሱት ግን በ1996 ስላወቁት ሰውዬ ነው።