የራም ዋጋ ለምን ናረ? ለወንድማችሁ የኮምፒውተር ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

ከአገር ቤት በቴሌግራም የሚላክላችሁ የዕቃ ዝርዝር ተለውጧል። ድሮ ስልክ፣ ሽቶና ጫማ ነበር፤ አሁን «ራም 32 ጊጋ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ኤስኤስዲ» የሚል መልእክት ይመጣል። ጠያቂው ታናሽ ወንድም ወይም ልጅ ነው። «ለትምህርት ነው» ይላል፤ ግራፊክስ ካርድ ያለበት ዝርዝር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለጌም ነው። ይህን የምንለው ልጁን ለማሳጣት አይደለም፤ ያው ማሽን ቪዲዮ ለማቀናበርም ዲዛይን ለመማርም ያገለግላል። ዓላማው በግልጽ ካልታወቀ ግን ገንዘባችሁ በማያስፈልግ ዕቃ ላይ ይወድቃል። በአሁኑ ዋጋ ደግሞ ስህተቱ ውድ ነው።

በ2025 አጋማሽ ዲዲአር5 የሚባለው አዲሱ ዓይነት 32 ጊጋ ራም በ100 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ያው ዕቃ ከ300 ዶላር በላይ ሆነ። 300 ዶላር በሳዑዲ 1,125 ሪያል፣ በኤምሬትስ 1,100 ድርሃም ገደማ ነው። በወር 1,000 ሪያል ለምታገኝ እህት ሁለት ቁራጮች ከአንድ ወር ላብ በላይ ወሰዱ ማለት ነው።

ምክንያቱ ነጋዴው ስለጨከነ አይደለም። የዓለምን ራም አብዛኛውን የሚያመርቱት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፦ የደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ እንዲሁም የአሜሪካው ማይክሮን። ሦስቱም አሁን ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት ነው። እነዚህ ማዕከላት የሚፈልጉት ኤችቢኤም የተባለ ልዩ ሜሞሪ ሲሆን፣ አንድ ጊጋ ለማምረት የሚበላው የፋብሪካ አቅም ለተራው ዲዲአር5 ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ለማዕከላቱ አንድ ጊጋ በተመረተ ቁጥር፣ ለእኛ ኮምፒውተር ሊመረት ይችል የነበረ ሦስት ጊጋ ገደማ ይቀራል።

በኦክቶበር 2025 የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ከሳምሰንግና ከኤስኬ ሃይኒክስ ጋር የመግባቢያ ስምምነት ሲፈራረም የተጠቀሰው ፍላጎት በወር እስከ 900,000 ዋፈር ይደርሳል። ዋፈር ማለት ቺፖቹ የሚቆረጡበት ክብ የሲሊከን ሰሌዳ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን ደግሞ ማይክሮን «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራ ደንበኛ ራምና ኤስኤስዲ መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ። 29 ዓመት የቆየ ንግድ ነበር። የቀረውን ገበያ ማን ይሸፍነው?

ነገሩ ሩቅ አገር የሚካሄድ አይምሰላችሁ። በሜይ 2025 ይፋ የሆነው «ስታርጌት ዩኤኢ» የሚገነባው አቡ ዳቢ ውስጥ ነው። ሲጠናቀቅ 1 ጊጋዋት ኃይል የሚጠቀም ማዕከል ይሆናል ተብሏል፤ የመጀመሪያው 200 ሜጋዋት ለ2026 የታቀደ ነው። እናንተ በምትሠሩበት አካባቢ የሚቆመው ማዕከልና ወንድማችሁ አዲስ አበባ ሆኖ የሚጠይቃችሁ ራም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ሻሚው መንግሥትና ትልልቅ ኩባንያ ሲሆን የቤት ሠራተኛዋ ወረፋው መጨረሻ ላይ ትቆማለች።

አገር ቤት ደግሞ ሌላ ጭማሪ ተደርቧል። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሪያልም ድርሃምም ከዶላር ጋር የተሳሰሩ ስለሆኑ ያ ጭማሪ እናንተን በቀጥታ አይነካም። ስለዚህ መገናኛ ወይም መርካቶ የተጠየቀውን ዋጋ በብር ሰምታችሁ አትደንግጡ፤ ወደ ሪያል መልሳችሁ እዚህ ካለው ጋር አነጻጽሩ። የሽያጭ ታክሱንም አትርሱ፤ በኤምሬትስና በኦማን 5፣ በባህሬን 10፣ በሳዑዲ 15 በመቶ ነው። በኳታርና በኩዌት የለም።

ታዲያ ምን ይገዛ? መጀመሪያ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ፎቶ አስልኩ። አንዱ የኮምፒውተሩ ሆድ ተከፍቶ፣ ራሙ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲነበብ ሆኖ። ሌላው ከስክሪኑ ነው፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን ይክፈት፤ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለው ውስጥ ስንት ጊጋ እንዳለና ስንት ማስገቢያ ባዶ እንደሆነ ይታያል። ይህን ሳያዩ መግዛት ቁጥሩን ሳይጠይቁ ጫማ እንደመግዛት ነው። ዲዲአር4 ማዘርቦርድ ላይ ዲዲአር5 አይገባም፤ ጥርሱ ላይ ያለው ክፍተት ቦታው ይለያያል። የላፕቶፕ ራምም አጭር ነው፤ በተለመደው ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም።

ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ «አንድ 8 ጊጋ ዲዲአር4 አለ፣ አንድ ቦታ ባዶ ነው» የሚል ይሆናል። ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። ተመሳሳይ 8 ጊጋ መጨመር ይበቃል። አብዛኞቹ ጌሞች በ16 ጊጋ በደንብ ይሄዳሉ፤ ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠሩ ደግሞ ፍጥነቱም ይሻሻላል። 32 ጊጋ የሚለውን ለጊዜው እርሱት። የዲዲአር4 ዋጋም መጨመሩ እውነት ነው፤ ቢሆንም ያገለገለ ዲዲአር4 ገበያ ላይ አለ። ራም ደግሞ አገልግሎ ሲሸጥ ብዙም ከማያሳስቡ ዕቃዎች አንዱ ነው፤ የሚሽከረከርና የሚያልቅ ነገር የለውም። ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መሥራቱን ያሳያችሁ። የዕረፍት ቀን ለሌላችሁና ከቤት ለማትወጡ ግን ያገለገለ ዕቃ በማታውቁት ሰው በኩል ከማስገዛት፣ ወደድም ቢል ደረሰኝ ያለው ቢገዛ ይሻላል።

ግራፊክስ ካርዱ ላይ ቆም በሉ። አገር ቤት ካሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ናቸው። ፓወር ሰፕላያቸው ትንሽ ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም ብዙ ጊዜ የላቸውም። እንደ አርኤክስ 6600 ያለ ጥሩ የሚባል ካርድ እስከ 132 ዋት ይወስዳል፤ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ብቻ የሚገኘው ግን ከ75 ዋት አይበልጥም። ካርዱን ገዝታችሁ ብትልኩ ያለ ገመድ አይሠራም፤ ቀጭን ኬዝ ከሆነም ጭራሽ አይገባም። እንዲህ ላለው ማሽን የሚሆነው ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ ካርድ ብቻ ነው።

ከባሕረ ሰላጤው መላክ የሚያዋጣው ቀላሉ ዕቃ ነው። ራምና ኤስኤስዲ ወደ አገር በምትገባ ጓደኛ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይዙም። ኬዝ፣ ሞኒተርና ፓወር ሰፕላይ እዚያው ይገዙ፤ ከክብደታቸው ሌላ፣ እዚህ የተሰጠ ዋስትና አዲስ አበባ ላይ ብዙም አይጠቅምም። ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን ርካሽ እንዳይፈልግ ንገሩት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል የገዛችሁትንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

«ዋጋው እስኪወርድ ልጠብቅ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አዲስ የቺፕ ፋብሪካ ተገንብቶ ምርት እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል፤ የጥቂት ወራት ትዕግሥት ለውጥ ያመጣል ብለን አንጠብቅም። በአራት ወር ክፍያ እየተባለ በስልክ የሚቀርበውን ግን ለጌም ዕቃ አትግቡበት። ደመወዝ የዘገየ ወር ዕዳው አይዘገይም።

የተላከው ፎቶ ላይ ዲዲአር3 የሚል ካያችሁ ደግሞ ለዚያ ማሽን አንድ ሪያል አታውጡ። አብዛኞቹ ዲዲአር3 ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበሉም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለራሙና ለካርዱ ያሰባችሁትን ገንዘብ አቆይታችሁ፣ ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ያገለገለ ሙሉ ኮምፒውተር እዚያው አዲስ አበባ እንዲፈልግ ንገሩት።