የአባቴን ታፔላ ፈረንጅ ሊገዛው ነው፤ ቤታችን ግን ታመሰ!

ጥያቄ፦ አባቴ ከሞተ ወዲህ የፀጉር ማስተካከያ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። በራችን ላይ ቆርቆሮ ላይ የተሳለ ታፔላ አለ፤ ጎፈሬውን ያበጠረ ጎረምሳ፣ ከጎኑ መቀስና ማበጠሪያ። የሰፈራችን ሠዓሊ የዛሬ 30 ዓመት ገደማ የሳሉት ነው። ሰሞኑን አንድ ፈረንጅ አይቶት «20 ሺህ ብር ልስጥሽ» አለኝ። ወንድሜ «ሸጠን ባነር እናሠራ» ይላል። እናቴ ደግሞ «የባሌን በር አታራቁቱት» ብላ አኩርፋለች። ወሬው የደረሳቸው ሠዓሊም መጥተው «እጄ ያረፈበት ነው፤ የእኔስ?» አሉኝ። ለመሆኑ ታፔላው የማን ነው? ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ለአንድ ቆርቆሮ ይህን ያህል ብር? ግን ፈረንጁ አላበደም። ከጋና እስከ ቤኒን ባሉ አገሮች እንዲህ ዓይነት የፀጉር ቤት ታፔላዎችን ሰብሳቢዎች እየገዙ መውሰድ ከጀመሩ ቆይተዋል። እዚያ ታፔላው እንደ ሜኑ ነው። ብዙ ጭንቅላት ይሳልበታል፣ ከየሥሩ የአቆራረጡ ስም ይጻፍበታል፣ ደንበኛው ገብቶ «ይቺን» ብሎ በጣቱ ያሳያል።

የጋናውን የፊልም ፖስተር ጉዳይ ደግሞ ስሚኝ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቪዲዮ ሲመጣ ነጋዴዎች ቴሌቪዥን፣ ማጫወቻና ጀኔሬተር መኪና ላይ ጭነው ከከተማ ወደ ገጠር ይዞሩ ነበር። ታዲያ ሰው በምን ይጠራ? ሠዓሊ ይቀጠራል። ሸራው ባዶ የዱቄት ከረጢት ነው፤ ሁለቱን ይሰፉና በዘይት ቀለም ይሳልበታል። ሠዓሊው አንዳንዴ ፊልሙን አላየውም! እባብ ይጨምርበታል፣ ደም ይጨምርበታል፣ የተዋናዩን ጡንቻ እጥፍ ያደርገዋል። የእኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የፊልሙን ስም ጽፎ ሲያበቃ፣ እነሱ ጋ አላፊው እግሩ ተተክሎ ይቀር ነበር። ፖስተሩ ተጠቅልሎ ከፊልሙ ጋር ስለሚዞር ዝናብም ፀሐይም ይፈራረቁበታል። በ1990ዎቹ ቴሌቪዥንና ቪዲዮ በየቤቱ ሲገባ፣ የታተመ ፖስተርም ሲረክስ ሥራው ተዳከመ። ያ ሁሉ ከረጢት ያኔ ነው ወደ አሜሪካና አውሮፓ የተጓዘው፤ ዛሬ አንዱ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ከረጢቱን የሳለው ሰው ግን የተከፈለው የዚያን ጊዜውን የቀን ሥራ ዋጋ ነው።

እኔን የከነከነኝ እዚህ ላይ ነው። የእናንተ ሠዓሊ «የእኔስ?» ያሉት ባዶ ጥያቄ አይደለም።

ሁሉም ግን እንዲህ ተረስቶ አልቀረም። የኮንጎው ሼሪ ሳምባ በ1972 ኪንሻሳ ገብቶ ታፔላ በመሳል ነው የጀመረው። በ1975 የራሱን ቤት ከፈተ። መንገደኛው አይቶ ቶሎ እንዳያልፍ ሥዕሉ ላይ በፈረንሳይኛና በሊንጋላ ይጽፍበት ጀመር፤ ማንበብ ያቆማላ! በ1989 ፓሪስ በተካሄደው ትልቅ ኤግዚቢሽን ሥራው ቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ በዓለም የታወቀ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ቆርቆሮው የእናንተ ነው፤ አባትሽ ከፍለውበታል፣ በዚህ የሚከራከርሽ የለም። ሥዕሉን የሳልኩት እኔ ነኝ ማለት ግን የሠዓሊው መብት ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ይህን ያውቃል። ደግሞስ ፈረንጁ 20 ሺህ የሚከፍለው ለቆርቆሮው ነው እንዴ? ቆርቆሮ መርካቶ ሞልቷል። የሚከፍለው ለሽማግሌው እጅ ነው።

ስለዚህ ብትሸጪም ባትሸጪም ጋሼን ቤት ጥሪያቸውና ቡና አጠጪያቸው። ከሸጥሽ ድርሻቸውን ስጪ፤ እኔ ብሆን ግማሹን እሰጥ ነበር፣ ወንድምሽ ይጮህብኝ ይሆናል። ስማቸውን፣ ከተማውንና ዓመቱን ጀርባው ላይ በቀለም ያስጽፉልሽ፣ ፈረንጁም ስም የሌለው ዕቃ እንዳይወስድ። ግን እናትሽ እሺ ሳይሉ ከበሩ እንዳታወርጂው። ለእሳቸው የባላቸው በር ነው፣ ብር ይህን አይክሰውም።

ባነሩን ተዪው። ዛሬ በየመንገዱ ባነር ነው፣ በፀሐይ ነጥቶ ፊቱ የጠፋውን አላየሽም? አዲስ ታፔላ ያስፈልጋል ካላችሁ ለጋሼ ሥራውን ስጧቸው፤ እጃቸው ገና ብሩሽ የሚይዝ ከሆነ ቀብድ ዛሬውኑ ክፈዪ። የወንድምሽን ዘመነኛ አቆራረጥም ይጨምሩበት፣ እሱም ዝም ይላል።

ሌላው ቢቀር ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ አንሺው። ፈረንጁ መቼ እንደሚመለስ አልጻፍሽልንም፤ ቀኑን አሳውቂን።